ቡናዬ ዋስ ያገኘበት ምሽት

ፈረንሳይ ሬን ከተማ ቡና እየቆላሁ መሸጥ ስጀምር፣ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ወራት ደጅ ስጠና ነው ያለፉት። ክሬፕ የሚባል ስስ ቂጣ የሚሸጥበት ቤት እገባለሁ፣ ናሙና አስቀምጣለሁ፣ ዋጋ እናገራለሁ። «እንደውልልሃለን» እባላለሁ። የደወለ የለም። ቡናው ይርጋጨፌ ነው፣ በጥራቱ አላፍርም። የጎደለኝ ዋስ ነበር።

ዋስ የሆነችኝ የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ ናት። «ቅዳሜ ማታ ነጋዴዎቻችን ይሰበሰባሉ፣ አብረኸኝ ና» አለችኝ። የሬን አካባቢ ብሬታኝ ይባላል። የሰዎቹ የጥንት ቋንቋ ብሬቶንኛ ኬልት ከሚባሉት የጥንት የአውሮፓ ሕዝቦች ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ለፈረንሳይኛ ሳይሆን በብሪታንያ ዌልስ ለሚነገረው ለዌልስኛ ነው የሚቀርበው። ነጋዴዎቹን የሚያሰባስባቸውም ይኸው ውርስ ነው።

ኪሴን በቢዝነስ ካርድ ሞልቼ፣ የዋጋ ዝርዝር ይዤ ሄድኩ። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ ለሦስት ሰው አደልኩ። ሴትዮዋ ክንዴን ያዝ አድርጋ «መጀመሪያ ብላ፣ ከዚያ ጨፍር። ስለ ሥራ የሚወራው ሲመሽ ነው» አለችኝ። በጣም አፈርኩ። ዝርዝሩን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከራት በኋላ ፌስት ኖዝ ተጀመረ። የሌሊት ድግስ ማለት ነው፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በቅርስነት መዝግቦታል። ትንሿን ጣት ከጎረቤት ትንሽ ጣት ጋር አቆላልፎ፣ ክብ ሠርቶ መዞር ነው። በግራዬ የመርከብ ዕቃ የምትነግድ ሴት፣ በቀኜ የአትክልት ነጋዴ ነበሩ። እግሬ ደጋግሞ ተሳሳተ፣ ጣቴን የለቀቀ ግን አልነበረም። ግማሽ ሰዓት ጣቱን ይዘህ ከዞርክ ሰው ጋር ወሬ መጀመር አይከብድም።

በኋላ ከብሬታኝ የወደብ ከተማ ከሮስኮፍ የመጡ አንድ ሽማግሌ ስለ አያታቸው አጫወቱኝ። የሮስኮፍ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ ሽንኩርት በመርከብ ጭነው ወደ ብሪታንያ ይሻገሩ ነበር። ኋላም ሽንኩርቱን ጎንጉነው ብስክሌት ላይ እያንጠለጠሉ ቤት ለቤት ሸጡ። ዌልስ ሲደርሱ በብሬቶንኛቸው ትንሽ ትንሽ ይግባቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1973 ብሪታንያ የአውሮፓን የጋራ ገበያ ስትቀላቀል፣ የእነዚሁ ገበሬዎች መርከብ በማግስቱ ከሮስኮፍ ወደ እንግሊዝ ወደብ ፕሊመዝ ተነሳች። ዛሬ ብሪታኒ ፌሪስ የምንለው የመርከብ ድርጅት የተጀመረው እንዲህ ነው። ሽማግሌው ሲያወሩ እኔም ጥያቄ አበዛሁ። ስለ ቡናዬ አንድም ቃል አልተነፈስኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ካርድ አልያዝኩም። ጀበና ይዤ ሄድኩ።

ጋሌት የሚሉት ስስ ቂጣ የሚጋገርበት ክብ የብረት ምጣድ አላቸው፣ ቢሊግ ይሉታል። ሊጡን አፍስሰው በትንሽ የእንጨት መጥረጊያ ዙሪያውን ያስሱታል። ሳየው እናቴ ትዝ አለችኝ። «እኛ ቤትም ምጣድ አለ» ብዬ ስለ እንጀራ ነገርኳቸው። አንዱን እንድጋግር ሰጡኝ። ዓይን የለውም እንጂ እንጀራ ማለት ነው። ከዚያ ቡናውን አቅርቤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አጠጣኋቸው። በረካው ላይ ሁለት ክሬፕ ቤቶች ዋጋ ጠየቁኝ።

ነሐሴ ላይ የአትክልት ነጋዴው የብሬታኝ ከተማ ወደሆነችው ሎሪያን ይዞኝ ሄደ። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚካሄድ ትልቅ የኬልት ሕዝቦች ፌስቲቫል አለ። ከአየርላንድ፣ ከስኮትላንድ፣ ከዌልስ፣ ከስፔን ጋሊሺያና አስቱሪያስ ሳይቀር ይመጣሉ። ከዌልስ ዋና ከተማ ከካርዲፍ ከመጣ ባለ ካፌ ጋር ያስተዋወቀኝ እሱ ነው። ዋሴ ሌላ ዋስ ጠራልኝ።

ይህ ዋስትና ግን እኔንም ያስራል። አንድ ጊዜ የቆላሁት ቡና አርሮብኝ ሳላውቅ ላክሁት። እንደሰማሁ በዚያው ምሽት ሄጄ መለስኩትና በማግስቱ ሌላ ቆላሁ። ገንዘቡ ሳይሆን ያሳሰበኝ ሴትዮዋን ማሳፈሬ ነው። በሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ደንበኛ ሁለት ወር ሙሉ ክፍያ አዘገየብኝ። እሷ አንዴ ደወለችለት፣ በሳምንቱ ከፈለ። ጠበቃ ይህን ያህል አይፈጥንም።

እንዲህ ያለ ስብስብ በሩን በዘር ከቆለፈ ግን ዋጋ የለውም ብዬ አምናለሁ። እኔ የኬልት ጠብታ የለብኝም። ያስገባኝ ውርሳቸውን አክብሬ፣ የራሴንም ይዤ መምጣቴ ነው።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽን ከአበሾች ጋር ስናከብር አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ከምሳ በኋላ ሁሉም ተራ በተራ ምን እንደሚሠራ ይንገረን አልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በበዓል በበዓሉ አጠገቤ ተቀምጦ የሚበላው ሰውዬ የቡና ማሽን ጠጋኝ ነው ለካ! ሰኞ ጠዋት ሳጥኑን አንጠልጥሎ መጣልኝ።