ጡረታ በ55፣ ፒትስበርግ ላይ፦ ሦስተኛ ዓመት

ዘንድሮ 51 ዓመቴን ደፈንኩ። በ55 ሥራ አቁሜ ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ፔንሲልቬንያዋ ፒትስበርግ የመሄድ ሐሳቤም ሦስተኛ ዓመቱን ያዘ። አልተውኩትም። ሒሳቡ ግን መጀመሪያ እንደመሰለኝ አይደለም።

የመጀመሪያው ዓመት ያለቀው የቤት ዋጋ በማየት ነው። እዚህ አንድ ታውንሃውስ በሚሸጥበት ዋጋ እዚያ ቤት ገዝተህ ገንዘብ ይተርፍሃል። ልቤ ሸፈተ። ከዚያ የንብረት ግብሩን አየሁና ቀዝቀዝ አልኩ። ቤቶቹም አሮጌ ናቸው። አንዱ ጋ ምድር ቤት ስንወርድ ግድግዳም በርም የሌለው ሽንት ቤት መሃል ላይ ተገትሮ አገኘነው። ለካ እዚያ የተለመደ ነው፤ ስሙም «የፒትስበርግ ሽንት ቤት» ነው!

ያስደነገጠኝ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የሚከፍለው ጡረታ ነው። የሚሰላው ከፍተኛ ገቢ ባገኘህባቸው 35 ዓመታት ነው። እኔ አሜሪካ የገባሁት በ33 ዓመቴ ነው። በ55 ባቆም 22 ዓመት ሠራሁ ማለት ነው። የቀረው 13 ዓመት በዜሮ ይገባል። በ62 መቀበል ልጀምር ካልኩ ደግሞ ከሙሉው ጡረታ 30 በመቶ ይቀነሳል። እዚህ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ቀመር ለእኛ ልክ አይመጣም የምለው ለዚህ ነው።

401ኬው፣ ማለትም በመሥሪያ ቤት በኩል የሚጠራቀመው የጡረታ ቁጠባ ይሻላል። በ55 ዓመቱ ሥራ የለቀቀ ሰው ከዚያው መሥሪያ ቤት ሒሳብ ላይ ቀድሞ በማውጣት የሚመጣው የ10 በመቶ ቅጣት ሳይነካው ማውጣት ይችላል። ገንዘቡን ወደ አይአርኤ (በግል የሚከፈት የጡረታ ሒሳብ) ካዛወረው ግን ይህ ዕድል ይቀራል። እኔ ላዛውር ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ወጪያችንን በወር 4 ሺህ ዶላር ብዬ ያዝኩ፤ በዓመት 48 ሺህ። ለጡረታ ስንት መጠራቀም እንዳለበት በሚታወቅበት በተለመደው ስሌት በ25 ሲባዛ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ይመጣል። ወረቀቱን ለባለቤቴ ሳሳያት «ለእማዬ የምንልከውስ?» አለችኝ። ረስቼዋለሁ። የአገር ቤቱን ወርኃዊ፣ ለቅሶና ሠርጉን ስንጨምር ቁጥሩ ከፍ አለ። ሀበሻ ሆነህ ይህን ካልጻፍክ በጀቱ ውሸት ነው።

ሜዲኬር፣ ማለትም የመንግሥቱ የአረጋውያን ጤና ኢንሹራንስ የሚጀምረው በ65 ነው። መሃሉ ላይ ያለውን 10 ዓመት በምን ኢንሹራንስ እንደምናልፍ ወራት ጨቀጨቀን። በመጨረሻ ባለቤቴ «እኔ እሠራለሁ፣ አንተ ምሳ ትሠራለህ» አለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን ዕቅዱ እሱ ነው፦ እሷ ኢንሹራንስ ያለው ሥራ እዚያ ትፈልጋለች፣ እኔ ሽሮ እለማመዳለሁ።

ከተማው ዳገት ነው፤ ሕዝብ ዳገቱን የሚወጣባቸው ከ700 በላይ የደረጃ መንገዶች አሉት። ጉልበቴን እያሰብኩ ቤት የምፈልገው ባቡር በሚያልፍበት ቢችቪው ሰፈር ሆኗል። እስካሁን የሄድነው በጁንና በኦክቶበር ብቻ ነው፤ ያኔ የማያምር ከተማ የለም። ስለዚህ ለፌብሩዋሪ አንድ ሳምንት ቤት ተከራይተናል። ያ ደመና ሲደፋብን ባለቤቴ የምትለውን ሰምቼ እመለሳለሁ።