ፌስን ቁልቁል በእግር

የሞሮኮዋ ፌስ አሮጌ ከተማ ውስጥ መኪና አይገባም። አንዳንዶቹ መንገዶች ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፉም። የስልክ ካርታም እዚያ ግድግዳ መሃል ሲገባ ይዘባርቃል፤ እናንተ ቆማችሁ እሱ በሰው ጣሪያ ላይ ያስኬዳችኋል። ከመሄዴ በፊት ያማከርኩት ሰው ሁሉ «አስጎብኚ ያዝ፣ ትጠፋለህ» አለኝ። መጥፋቱ እንኳ ብዙም አላስጨነቀኝም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ፌስ ጀርባዋን ሰጥታ የምትኖር ከተማ ናት። ከውጭ የሚታየው ልሙጥ ግድግዳና አጠር ያለ በር ነው፤ ያማረው ሁሉ ከበሩ ወዲያ ነው። የቱ በር የምን እንደሆነ የሚነግር ሰው ከሌለ ከሱቅ ሱቅ ሲዞሩ ውሎ መመለስ ይመጣል።

አብሮኝ የተጓዘው ጓደኛዬ ሐረር ጀጎል ውስጥ ያደገ ነው። «እኔን ይዘህ ደግሞ አስጎብኚ?» ብሎ ሳቀ። ጠባብ መንገድ እሱን አያስፈራውም። ግማሽ ቀን ብቻ ከሆነ ብሎ ተስማማ።

አስጎብኚ መፈለግ አያስፈልግም፤ እነሱ ራሳቸው ያገኟችኋል። በከተማዋ በሮች አካባቢ «መንገዱ ተዘግቷል፣ በዚህ በኩል ነው» የሚሉ ጎረምሶች አይጠፉም። መንገዱ አልተዘጋም። ተከትላችኋቸው ከሄዳችሁ መጨረሻው ወይ ሱቅ ነው ወይ «ገንዘብ ስጡኝ» ነው። በሞሮኮ አስጎብኚነት የመንግሥት ፈቃድ የሚጠይቅ ሙያ ነው፤ ፈቃድ ያለው ሰው መታወቂያውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። እኛ ባረፍንበት ሪያድ በኩል አንድ ሰው አስያዝን። ሪያድ መሃሉ ላይ ግቢ ያለው የድሮ መኖሪያ ቤት ነው፤ ዛሬ ብዙዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ሆነዋል።

ቀኑ ሳይደርስ በዋትስአፕ ጻፍኩላቸው። ስንት ሰዓት ይፈጃል? ዋጋው በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ ለሁላችንም? ሱቅ እንገባለን? ዋናው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ብዙ ሱቆች እንግዳ ይዞ ለመጣ አስጎብኚ ኮሚሽን ይከፍላሉ፤ ይሄ የተደበቀ ነገር አይደለም። ስለዚህ ዋጋው በጣም የረከሰ ጉብኝት ካያችሁ፣ ልዩነቱን የምትከፍሉት ምንጣፍ ቤት ተቀምጣችሁ የናና ሻይ ስትጠጡ ነው። እኔ በግልጽ «ግዢ አንፈልግም፤ የቆዳ ማልፊያውን ቦታ ለማየት ሱቅ መውጣት የግድ ከሆነ እሱ ብቻ ይበቃናል» አልኳቸው። መልሳቸው ወዲያው መጣ። «ደግ ነው። እኔም ምንጣፍ ማየት ሰልችቶኛል።» ሳላያቸው ወደድኳቸው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባብ ቡ ጀሉድ በር ላይ ተገናኘን። ሽበታም፣ ረዥም ጀላባ የለበሱ፣ ረጋ ብለው የሚያወሩ ሰው ናቸው። በሩ በውጭ በኩል ሰማያዊ የሸክላ ጌጥ ለብሷል፤ ገብታችሁ ዞር ስትሉ አረንጓዴ ነው። የሚያየው ሁሉ የሺህ ዓመት በር ይመስለዋል። የተሠራው ግን በ1913 ነው (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ፈረንሳይ ሞሮኮን በሞግዚትነት ይዛ ነበር፤ ውሉ የተፈረመው እዚሁ ፌስ ነው። የፈረንሳዩ ገዢ ሊዮቴ አሮጌውን ከተማ አፍርሶ ሰፊ ጎዳና አላወጣም። አዲሱን ከተማ ከግንቡ ውጭ ሠራ። «ለእኛ አዝኖ እንዳይመስላችሁ» አሉ አስጎብኚያችን፣ «ተለይተው ለመኖር ነው። ግን በዚያው ከተማው ተረፈ።»

ትርፉ ግን ዕዳም አለበት። ሀብታሞቹ ቤተሰቦች ቀስ በቀስ ወደ አዲሱ ከተማና ወደ ካዛብላንካ ሄዱ። በየቤቱ ከገጠር የመጡ ሰዎች ተካፍለው ገቡ። ዩኔስኮ በ1981 ፌስን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል፤ ያም ሆኖ በብዙ መንገዶች ላይ ግድግዳ ከግድግዳ ደግፈው የያዙ ግንዶች አሉ። ጎንበስ ብላችሁ በሥራቸው ታልፋላችሁ። ፖስትካርድ ላይ አይወጡም እንጂ አስጎብኚያችን እነሱን ለማሳየት ሁለቴ አስቁመውናል።

ከበሩ ወደ ታች ታላአ ከቢራና ታላአ ስጊራ የሚባሉ ሁለት ዋና መንገዶች ይወርዳሉ። ከተማዋ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ ቡ ጀሉድ ከላይ፣ ቀራዊዪን መስጊድ ከታች። «ከጠፋችሁ ሽቅብ ውጡ፣ እዚህ ትደርሳላችሁ። ቁልቁል ከወረዳችሁ ደግሞ ቀራዊዪን ጋ ትወድቃላችሁ» አሉን። ጓደኛዬ የስልኩን ካርታ ዘጋው። ይቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለእኔ የክፍያውን ግማሽ ታወጣለች፤ በማግስቱ ብቻችንን ስንዞር የሠራችልን እሷ ናት።

ትንሽ ወረድ እንዳልን ሥጋ ቤት ደጃፍ ላይ የግመል ራስ ተሰቅሏል። ቱሪስቱ ሁሉ ካሜራውን አወጣ። የእኔው ሐረሬ ግን ከአስጎብኚው ቀድሞ «ዛሬ የታረደ ነው ማለት ነው» ብሎ አለፈ።

ቡ ኢናንያ መድረሳ ሲደርስ ግን እሱም ዝም አለ። ከ1350 እስከ 1355 የተሠራ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ሊገባባቸው ከሚችላቸው ጥቂት የሃይማኖት ሕንፃዎች አንዱ ስለሆነ፣ ለመግቢያ የሚከፈለውን ትንሽ ገንዘብ አትሰስቱ። ብቻዬን ብሆን ግቢው መሃል ቆሜ «አቤት!» ብዬ፣ ፎቶ አንስቼ እወጣ ነበር። እሳቸው ግን ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ አስነበቡን። እግራችሁ ሥር እብነ በረድ። ከዚያ እስከ ደረት ድረስ በእጅ የተቆረጠ ባለቀለም ሸክላ፣ ዘሊጅ የሚሉት። ከእሱ በላይ የተቀረጸ ጀሶ። ከላይ ከአትላስ ተራራ የመጣ የዝግባ እንጨት። ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? ታች ሰው ይደገፋል፣ ውሃ ይረጫል፤ ሸክላ ያንን ይችላል። ጀሶ አይችልምና እጅ ከማይደርስበት ይጀምራል። ይሄን ከሰማሁ በኋላ ፌስ ውስጥ የገባሁበትን ግድግዳ ሁሉ እንደዚያ ነው ያየሁት፤ ያረፍንበትን ቤት ጭምር።

ከመድረሳው ፊት ለፊት፣ ቀና ላላለ ሰው በማይታይ ከፍታ ላይ፣ በ1357 የተሠራ የውሃ ሰዓት ቅሪት አለ። ትንንሽ መስኮቶች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው የነሐስ ሳህኖች ነበሩ። አሠራሩን በትክክል የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ሕዝቡ ከሥሩ ይጋፋል፣ አንድም ሰው አያየውም።

«ባላክ! ባላክ!» ሲባል ከሰማችሁ አትዙሩ፣ አትጠይቁ፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ዞር በሉ ማለታቸው ነው። ከኋላ የሚመጣው በሁለት ጎኑ የጋዝ ሲሊንደር የተጫነ በቅሎ ነው፤ ፍሬን የለውም። አህያና በቅሎ እዚያ ለቱሪስት የሚታዩ ጌጦች አይደሉም፤ ለስላሳው፣ ሲሚንቶው፣ ጥሬ ቆዳው፣ ቆሻሻው ሁሉ የሚጓጓዘው በእነሱ ነው።

እንደ ጉብኝት ማቆሚያ የማይቆጠር፣ እኔ ግን ከሁሉ ያስበለጥኩት ቦታ አንድ ጥላሸት የለበሰ በር ነው። ልጅ ሳንቃ ተሸክማ ከፊታችን ገባች። ሳንቃው ላይ ጨርቅ፣ ጨርቁ ሥር ክብ ክብ ሊጥ። ተከትለናት ገባን። የሰፈሩ ምድጃ ነው፤ ፈራን ይሉታል። ቤተሰቡ ሊጡን ቤቱ አቡክቶ ይልካል፣ ጋጋሪው ይጋግራል፣ ለጋገረበት ይከፈለዋል። ልክ እንደ እኛ ወፍጮ ቤት፣ የሰፈር ወሬ ሁሉ እዚያ ያልፋል። ጋጋሪው ከወለሉ ዝቅ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ በረዥም ጠፍጣፋ እንጨት ያስገባል፣ ያወጣል። የማንም ስም አልተጻፈም። «እንዴት ትለያለህ?» ብዬ በአስጎብኚው በኩል ጠየቅኩት። አንዱን ዳቦ አነሳና ጀርባውን አሳየኝ፤ በሹካ የተወጋ ምልክት አለው። ሌላውን አነሳ፤ ምልክት የለውም። እሱንስ? ትከሻውን ነቀነቀ። «የእሷ ሊጥ ሁሌ ይቀጥናል።»

አስጎብኚያችን የነገሩን እዚያው በር ላይ ነው። በድሮው አሠራር እያንዳንዱ ሰፈር አምስት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ መስጊድ፣ ቁርአን ቤት፣ የውሃ ምንጭ፣ ሐማም (የሕዝብ መታጠቢያ ቤት) እና ምድጃ። ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ በገባንበት ሰፈር ሁሉ አምስቱን እየቆጠረ ያጣራ ጀመር።

የነጃሪንን አደባባይ፣ የአናጢዎቹን ሰፈር፣ ቶሎ አለፍነው። የድሮው የነጋዴ ማረፊያ አሁን የእንጨት ሥራ ሙዚየም ነው፤ ጊዜ ካላችሁ ግቡ። አታሪን መድረሳም ከቡ ኢናንያ ያንሳል እንጂ ሥራው ይረቅቃል፤ ያኔ ግን ዓይናችን ጠግቦ ነበር።

ቀራዊዪን ላይ ተለያየን። በሞሮኮ ሙስሊም ያልሆነ ሰው፣ እንደ ካዛብላንካው የዳግማዊ ሐሰን መስጊድ ካሉ በጣም ጥቂቶች በቀር፣ መስጊድ አይገባም። ጠባቂው ጓደኛዬን አየት አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀው። አስጎብኚያችን «ሐበሻ ነው» ሲሉት የሰውየው ፊት በራ። «ቢላል!» አለና አሳለፈው። ለካ ቢላል፣ የነቢዩ ሙሐመድ ሐበሻዊ ሙአዚን፣ እዚያ አገር ልዩ ቦታ አለው፤ በዜማና በሥርዓታቸው የታወቁት ግናዋዎች እንደ መንፈሳዊ አባታቸው ነው የሚያዩት። ጓደኛዬ ጫማውን በእጁ ይዞ ገባ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ከደጅ የሚታየው ነጭ ዓምድ፣ ዘሊጅ የለበሰ ወለልና የውዱእ ምንጭ ነው።

የከተማዋን ታሪክ የሰማሁት በዚያ ቆይታ ነው። ፌስ በወንዝ ዳርና ዳር የተቆረቆረች ናት፤ አንዱ ዳር በ789፣ ሌላው በ809። በአንዱ ከኮርዶባ የተሰደዱ ሰፈሩ፣ በሌላው ከቱኒዝያዋ ቀይሩዋን የመጡ። መስጊዱ ስሙን ያገኘው ከእነዚህ ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ታሪክ እንደሚለው በ859 ያሠራችው ፋጢማ አል ፊህሪ የምትባል ሴት ናት፣ ከአባቷ በወረሰችው ገንዘብ። ዩኔስኮ ሥራውን ሳያቋርጥ የቆየ የዓለማችን አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ የሚለው ይሄንኑ ቦታ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ በሰፋሪን አደባባይ በኩል ነው፤ የታሪክ ሊቁ የኢብን ኻልዱን የእጅ ጽሑፍ እዚያ ይገኛል። በሩ ፊት ለፊት ነሐስ ቀጥቃጮች ቀኑን ሙሉ ይቀጠቅጣሉ። እንዴት እንደሚነበብ እንጃ።

ሹዋራን፣ ቆዳ ማልፊያውን፣ ዓይን ሳያየው አፍንጫ ያውቀዋል። የምታዩት ከቆዳ ሱቆቹ ሰገነት ላይ ነው፤ መግቢያ ላይ የናና ቅጠል ይሰጧችኋል፣ አፍንጫችሁ ሥር ያዙት። ከታች የድንጋይ ገንዳዎች ተደርድረዋል። ነጮቹ ኖራና የእርግብ ኩስ ያለባቸው ናቸው፤ ኖራው ፀጉሩን ያላቅቃል፣ የኩሱ አሞኒያ ቆዳውን ያለሰልሳል። ከዚያ ወዲያ ያሉት የቀለም ናቸው። ሰዎቹ እስከ ጭን ድረስ ገብተው ይረግጣሉ። ሌላው ቱሪስት አፍንጫውን ይዞ ሲስቅ፣ እዚያ የቆመው ሰው ቀና ብሎ ማየቱን ሳይ ቅጠሉን ኪሴ ከተትኩት።

ሻጩ ከየት እንደመጣን ሲሰማ «ቀነኒሳ!» አለ። ቀጥሎ ያለው አልቀረልንም። አቴንስ፣ 2004፣ አምስት ሺህ ሜትር፤ ሒሻም አል ገሩጅ አንደኛ፣ ቀነኒሳ ሁለተኛ። ጓደኛዬ ሳይነቃነቅ «አስር ሺውንስ ማን ወሰደ?» አለው። ሻጩ ሳቀና የቀበቶውን ዋጋ ቀነሰ። ግዢ አንፈልግም ያልነው ሰዎች ቀበቶ ይዘን ወጣን፤ አስጎብኚያችን ወደ ሌላ ጎን እያዩ ነበር።

መጨረሻው ታች፣ መኪና የሚደርስበት ርሲፍ አደባባይ ነው። አቀበቱን በእግር መመለስ የለባችሁም፤ ቀዩ ትንሹ ታክሲ ከዚያ ይነሳል፣ ከሦስት ሰው በላይ ግን አይጭንም። ቆጣሪውን ያብራ በሉ። ለአስጎብኚው የተስማማንበትን በዲርሃም ጥሬ ገንዘብ ከፈልን፣ ጉርሻም ጨመርን። ቲፕ ግዴታ አይደለም፤ ኮሚሽን የቀረባቸውን ሰው ግን ባዶ እጅ መሸኘት አይመችም።

ጉብኝቱን ከግማሽ ቀን በላይ አታርዝሙት፤ ከዚያ ወዲያ ጆሮ አይቀበልም። ከቆይታችሁም የመጀመሪያው ቀን ላይ አድርጉት፣ ቀሪውን ለብቻችሁ ለመዞር። የሚያዳልጥ ጫማ አታድርጉ፣ ድንጋዩ በበቅሎ ኮቴ ለስልሷል። ሰው ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። አርብ ከቀትር በኋላ አብዛኛው ሱቅ ዘግቶ ወደ ኩስኩሱ ይሄዳል። መንገዱ ክፍት ስለሚሆን ለመራመድ ይመቻል፤ ቀጥቃጮቹንና ቆዳ የሚያለፉትን በሥራ ላይ ማየት ከፈለጋችሁ ግን ሐሙስ ወይም ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል።