ቢራን በጠላ ምላስ

ወይን ሲቀዳ ሰው ሁሉ አዋቂ ይሆናል። ብርጭቆውን ያዞራል፣ ያሸታል፣ አስተያየት ይሰጣል። ቢራ ግን መጣ፣ ተከፈተ፣ ተጠጣ፣ አለቀ። የቢራ ፋብሪካም የብቅል ፋብሪካም ባለባት ጎንደር ይሄ ትንሽ ያሳፍራል። እናም ቢራን ጊዜ ሰጥቼ መቅመስ ጀመርኩ።

የተነሳሁት ከማውቀው ከጠላ ነው። እናቴ ስትጠምቅ አሻሮውን ጠቆር አድርጋ ከቆላችው ጠላው ይጠቁራል፣ ቡና ቡናም ይላል። ጌሾ ከበዛበት ይመርራል። የቢራም መንገዱ ያው ነው። የጌሾን ቦታ ሆፕስ የሚባል ተክል አበባ ይዞታል፤ ያመርራል፣ ቶሎ እንዳይበላሽም ይረዳል። ጥቁር ቢራን የሚያጠቁረውም በደንብ የተቆላ ብቅል ነው። አንድ ቀን ጥቁር ቢራ ቀዳሁላት። ጎንጨት አለችና «አሻሮው ደህና ነው፣ ጌሾው ግን አነሰው» አለች። ከዚህ የተሻለ ቀማሽ ከየት ይመጣል?

ቀጥሎ አንድ ዓይነት ቢራ ሁለት ጠርሙስ ገዛሁ። አንዱን ጥርስ እስኪነካ ቀዝቅዞ ጠጣሁት፤ ሌላውን ከፍሪጅ አውጥቼ ሩብ ሰዓት ያህል አቆየሁት። የመጀመሪያው ቅዝቃዜ ብቻ ነበር። ሁለተኛው መጀመሪያ ዳቦ ዳቦ ሸተተኝ፣ ከዚያ ምሬቱ ቀስ ብሎ መጣ።

ብርጭቆም ወሳኝ ነው። ቅባት የነካው ብርጭቆ አረፋውን ወዲያው ይገድለዋል። ንጹህ ከሆነ ግን በተጎነጫችሁ ቁጥር አረፋው ውስጡ ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ይቀራል። ፒያሳ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ፀሐይ የሚመታውን ወንበር እሸሻለሁ፤ ሆፕስ ብርሃን ሲያገኘው ይሸታል። ጠርሙሱ ቡናማ የሆነውም ለዚሁ ነው። ጃምቦ ካማረኝ ደግሞ ሰው የሚበዛበት ቤት እገባለሁ፤ በርሜሉ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ጓደኞቼ ሳሸት ሲያዩኝ «ምነው፣ ዝንብ ገባበት እንዴ?» ይላሉ። ይበሉ።

የቢራ ጉልበቱ የሚታየው ግን ከምግብ ጋር ነው። ጮማ በልታችሁ አንድ ጉንጭ ስትሉ ምሬቱና ጋዙ አፋችሁን ጠረግ ያደርገዋል። አልኮሉም 5 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ማዕዱ እስኪነሳ አብሮ ይዘልቃል። ሚጥሚጣ ለበዛበት ምግብ ግን አልመርጠውም፤ ጋዙ ማቃጠሉን ያባብሰዋል።

ወጥ ቤትም አስገብቼዋለሁ። ከጣና የመጣ ቆሮሶ ዓሣ ሲገኝ ዱቄት፣ ጨውና ቁንጥር በርበሬ አደባልቄ ቀዝቃዛ ቢራ እጨምርበትና ዓሣውን ሊጡ ውስጥ ነክሬ እጠብሰዋለሁ። እንቁላል ስለማይገባበት በጾም ሽንኩርትና ካሮት ለመጥበስም ይሆናል። ሊጡ ብዙ አይማሰልም፤ ጋዙ ሳይወጣ ወዲያው ዘይት ውስጥ ይገባል፣ ቅርፊቱን ቀሊልና ኩርሽምሽም የሚያደርገው እሱ ነውና። ዘይቱ በደንብ ሳይግል ከገባ ግን ዓሣው ዘይት ጠጥቶ ይወጣል።