ዝናቡ አልነበረም

የላሜራና የብየዳ ሥራ ስትሠራ፣ ክረምት ላይ የሚደወልልህ ባብዛኛው ለሚያፈስ ነገር ነው። ሐምሌ ላይ ሐዋሳ፣ ታቦር አካባቢ አንዲት እናት አስጠሩኝ። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ አላቸው፤ ግን መብራቱን ታውቁታላችሁ። ደንበኛ ደግሞ «መብራት ጠፋ» ቢባል አይሰማም። ስለዚህ ጓሮ ባለው ማድ ቤት ጭስ ማውጫ ያለው የእንጨት ምድጃ አለ።

«ልጄ፣ ዝናቡ በቱቦው እየገባ ግድግዳዬን ጨረሰው» አሉኝ። «አንዱ ቆብ ሠራለት፣ ሌላው ሲልከን ቀባው። ብሬን በሉ እንጂ ያው ነው።»

ቆቡን ወጥቼ አየሁት፤ ምንም አይወጣለትም። ወርጄ ግድግዳውን አየሁ። ከቱቦው መጋጠሚያ ሥር ጥቁር ቡናማ መስመር ተንዠርግጓል። በጣቴ ነካሁት፤ ይጣበቃል። አሸተትኩት፤ ይሰነፍጣል። የዝናብ ውኃ እንዲህ አይሸትም።

«እማማ፣ ዝናብ በሌለበት ቀንስ ይንጠባጠባል?»

ትንሽ አሰቡ። «ትናንት ፀሐይ ነበር። እሱ ግን ስጋግር ሲንጠባጠብ ነው የዋለው!»

ውኃው ከሰማይ ሳይሆን ከምድጃው ነበር የሚመጣው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግማሽ ያህል ክብደቱ ውኃ ነው። ድርቅ ያለው እንጨት እንኳ አንድ ኪሎው ሲነድ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ ውኃ በእንፋሎት ይወጣዋል። ቱቦው ትኩስ ከሆነ እንፋሎቱ ከጭሱ ጋር ውልቅ ብሎ ይሄዳል። የእሳቸው ቱቦ ግን ከምድጃው እንደወጣ ታጥፎ ግድግዳውን ይበሳና ውጭ በብርዱ ይወጣል። ስስ ላሜራ ነው፤ ወዲያው ይቀዘቅዛል። እንፋሎቱ ውስጡ ላይ ወደ ውኃነት ይመለሳል፣ ጥላሸቱንና ዝፍቱን አጥቦ ይወርዳል። ጋግረው ሲጨርሱም ለወጥ ማሞቂያ ብለው አንድ ጉማጅ እየጨሰ ይተዉታል። ከዚህ የባሰ ዝፍት የሚያመርት ነገር የለም።

መታጠፊያውን ስፈታው ውስጡ እንደ ቡና አተላ የወፈረ ጥቁር ነገር ይዟል። መጋጠሚያውም የተገላቢጦሽ ነው። የላይኛው ቱቦ ጫፍ በታችኛው ውስጥ መግባት ሲገባው ከውጭ ለብሶታል፤ ስለዚህ የወረደው ፈሳሽ ሁሉ ወደ ውጭ ይፈሳል። ብዙ ሰው «ጭሱ እንዳይወጣ» ብሎ እንዲህ ይገጥመዋል። በደንብ የሚስብ ቱቦ ግን በመጋጠሚያው ጭስ አያወጣም፤ ጭራሽ አየር ወደ ውስጥ ይስባል።

ቱቦውን ከምድጃው ቀጥ አድርጌ፣ ከጣራው እንጨት በደንብ አርቄ አወጣሁት። ማድ ቤቱ ውስጥ ያለው የቱቦው ክፍል ሞቃት ነው። ከጣራ በላይ ያለውን በሰፊ ቱቦ አልብሼ በሁለቱ ቱቦዎች መሐል ያለውን ክፍተት በደቀቀ ፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ በበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ሞላሁት፤ የክፍተቱንም አፍ ዝናብ እንዳይገባ ዘጋሁት። ፑሚስ እኛ አገር ሞልቷል፣ ሙቀትም ይይዛል። ምድጃው መውጫ ላይ ደግሞ ለመጥረጊያ የሚከፈት ክዳን አበጀሁ። ያ ጥቁር ነገር ከወፈረ ቱቦው ውስጥ እሳት ይይዛል፤ ጣራው ደግሞ ቅርብ ነው።

የቀረው እንጨቱ ነው። ፈልጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ሥር ለወራት እንዲከምሩ ነገርኳቸው። ሁለቱን ፍልጥ አጋጭቼ አሰማኋቸው፤ የደረቀው ቋ ይላል፣ እርጥቡ ድምፁ ዱልዱም ነው።

በሳምንቱ ገንዘቤን ልቀበል ስሄድ በር ላይ የአህያ ጋሪ ቆሟል። እማማ ፍልጥ በፍልጥ እያጋጩ ይመርጣሉ፤ ባለጋሪው «ኧረ እናቴ፣ ይኼ ከበሮ አይደለም!» ይላል።