መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። «አንተ፣ ኧረ ተነስ! ውሃ!» የሚል የባለቤቴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ሳሎን ገብቼ ምንጣፉን ስረግጥ ከእግሬ ሥር ጨቅ አለ። የስልኬን ባትሪ አበራሁ። መብራት ሄዷል። ከአኳሪየሙ ሥር ያስቀመጥኩት ሳምፕ አፉ ድረስ ሞልቶ በካቢኔው በር ሥር ይፈሳል። ከላይ ዓሦቹ ክንፋቸውን እያወዛወዙ ቆመዋል። ያለንን ፎጣ ሁሉ ወለሉ ላይ ዘረገፍነው። እሷ ምንም አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ሳምፕ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ከዋናው ገንዳ ሥር የሚቀመጥ ሌላ ገንዳ ነው። የላይኛው ውሃ ሲሞላ በቱቦ ይወርዳል፣ ታች ስፖንጅና ሴራሚክ አልፎ ይጣራል፣ መጨረሻው ክፍል ውስጥ ያለ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ጥቅሙ ብዙ ነው። ጠቅላላው ውሃ ይበዛል፣ ሂተሩ (የውሃ ማሞቂያው) እና ሽቦው ከዓይን ይሰወራል፣ ስፖንጅ ለማጠብም ዓሦቹን መረበሽ የለም። እኔ የገባሁበት ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሿን ማጣሪያ በየሳምንቱ ፈታትቶ ማጠብ ስለሰለቸኝ ነው።

የዚያን ሌሊት ጥፋት ጠዋት በወረቀት ላይ አሰላሁት። የላይኛው ገንዳዬ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 50፣ ቁመቱ 50 ሴንቲ ነው። 300 ሊትር ማለት ነው። ሳምፑ 80 በ40 በ40 ነው፤ 128 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ እየሠራ ውሃው በአማካይ 25 ሴንቲ ላይ ስለሚቆም 80 ሊትር አለበት፣ 48 ሊትር ባዶ ቦታ ይቀረዋል። የመመለሻ ቱቦውን ጫፍ «ውሃውን ከታች ያገላብጥልኛል» ብዬ ከላይኛው ውሃ 10 ሴንቲ ዝቅ አድርጌው ነበር። 120 በ50 በ10፣ 60 ሊትር። 48 ሊትር በሚይዝ ቦታ 60 ሊትር ሲመጣ የቀረው 12 ሊትር የት እንደሄደ ምንጣፉ ያውቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓምፑ ሲቆም ቱቦው በውሃ እንደተሞላ ነው። ጫፉ ከላይ ውሃ ውስጥ ከተጠመቀ፣ ወደ ታች የሚወርደው ውሃ የላይኛውን እየሳበ ወደ ኋላ ይመጣል። ከጄሪካን በላስቲክ ቱቦ ሲቀዳ እንደምታዩት ማለት ነው፤ ሳይፎን ይሉታል። ጫፉ አየር እስኪያገኝ አይቆምም። እኔ ደግሞ ሁለት ቀን ሙሉ ሲሠራ አይቼ፣ «አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም» ብዬ ነበር የተኛሁት። ሲሠራ አየሁት እንጂ ሲቆም አላየሁትም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ይሏል ይሄ ነው።

ስለዚህ ፈታሁትና እንደገና ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ የጀመርኩት ከመጥፊያው ነው።

መጀመሪያ ጫፉን ከውሃው ፊት 2 ሴንቲ ብቻ ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። አሁን ቢበዛ 12 ሊትር ነው የሚመለሰው፤ ቱቦ ውስጥ ያለው ሲጨመርበት ትንሽ ያልፋል። ብዙ ሰው ቱቦው ላይ ከውሃው ፊት ትንሽ ዝቅ አድርጎ 5 ሚሊ ሜትር የምታህል ቀዳዳ ይበሳል። ውሃው ሲወርድ ቀዳዳዋ አየር ስባ ሳይፎኑን ትሰብራለች። እኔም በስቻለሁ፣ ግን አላምናትም። ከሦስት ወር በኋላ ሳያት አረንጓዴ አልጌ ደፍኗታል። ወደ ኋላ መመለስ የሚከለክል ቫልቭም አለ። እሱም አንዲት የቅጠል ቁራጭ ከተሰነቀረችበት አይዘጋም። ሁለቱም ረዳት ናቸው። ዋናው ሳምፑ ውስጥ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩ ነው።

ያንን ቦታ ለመለካት ሒሳብ አያስፈልግም። ፓምፑን አጥፉት። ከላይ የሚወርደው ሁሉ ወርዶ ይለቅ። ከዚያ ሳምፑን አፉ ጋ ሊደርስ 4 ሴንቲ እስኪቀረው ሙሉት። አሁን ፓምፑን አብሩ፣ ውሃው እስኪረጋ ጠብቁ፣ የፓምፑ ክፍል ውስጥ የደረሰበት ላይ በማርከር መስመር አስምሩ። ከዚያ መስመር በላይ ውሃ አይጨመርም፤ እንግዳም ቢመጣ፣ ልጅም ቢያግዝ። የኔ መስመር ቀይ ናት።

አሁን ውሃው ወደ ሳምፑ የሚወርድበትን ቀዳዳ የላይኛው ገንዳ መስታወት ላይ ወደ መብሳቱ። በእውነት የፈራሁት ይሄን ነበር።

ሙቀት የተሰጠው ጠንካራ መስታወት፣ ቴምፐርድ የሚሉት፣ ከተበሳ በአንድ ጊዜ እንክትክት ይላል። ቀልድ የለም። መለያው ቀላል ነው። የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ ገጽ ከፍታችሁ ከመስታወቱ ኋላ አድርጉ፣ ከፊት ደግሞ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር አድርጋችሁ እዩ። ጥቁር ጥላና ዥጉርጉር ነገር ከታየ ቴምፐርድ ነውና እጃችሁን ሰብስቡ። የኔ ገንዳ ወለሉ ዥጉርጉር ሆነ፣ የኋላው ግድግዳ ንጹሕ። በኋላው በኩል በሳሁ።

ባዶውን ገንዳ የኋላው መስታወት ወደ ላይ እንዲሆን በፊተኛው በኩል ፎጣ ላይ አጋደምኩት። የሚበሳው ቦታ ዙሪያ ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲን ትንሽ ግድብ ሠርቼ ውሃ ሞላሁበት። በሌላኛው በኩል ደራርቤ ፕላስተር ለጠፍኩ፤ የተቆረጠው ክብ ወድቆ ሌላ መስታወት እንዳይሰብር፣ ጠርዙም እንዳይሸረፍ። የአልማዝ ዱቄት የተለበጠበትን ክብ መሰርሰሪያ ድሪሉ ላይ አስገብቼ በመጀመሪያ ዘመም አድርጌ ያዝኩት። መስታወቱ ላይ የጨረቃ ቅርፅ ያላት ጭረት ስትወጣ ቀስ እያልኩ ቀና አደረግኩት። መጫን የለም። የድሪሉ ክብደት ብቻ ይበቃል። ውሃው የመስታወት ብናኝ እየገባበት ወተት መሰለ። ድምፁ ጥርስ ያፋጫል። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጅቶ በድንገት ድምፁ ሳሳ፣ ክቡ ፕላስተሩ ላይ ቀረ። ሁለተኛውን ስበሳ ግን እጄ መንቀጥቀጡን ትቶ ነበር። አንድ ምክር፦ ቀዳዳው ውስጥ የሚታሰረውን ባልክሄድ የሚሉትን ፕላስቲክ መገጣጠሚያ አስቀድማችሁ ግዙ፣ መሰርሰሪያውን በእሱ ልክ ምረጡ። እኔ በግልባጩ አድርጌው መሰርሰሪያ ሁለቴ ገዛሁ። ባልክሄዱን ስታስሩ ላስቲኩ ውሃው ባለበት በኩል ይሁን፤ በእጅ ጠበቅ ከተደረገ በኋላ ሩብ ዙር ይበቃዋል።

ሁለት ቀዳዳ ለምን? አንዱ ሙሉ በሙሉ በውሃ ተሞልቶ ያለ አየር ይወርዳል፣ ሁለተኛው ለክፉ ቀን ነው። ዓሣ አርቢዎች ኸርቢ ይሉታል። ሁለቱንም ቀዳዳ ከገንዳው ውስጥ በትንሽ የመስታወት ሳጥን ከለልኳቸው፤ ውሃው የሳጥኑን ማበጠሪያ የመሰለ አፍ አልፎ ነው የሚገባው። የዋናው ቱቦ ክርን (መታጠፊያው) ወደ ታች ያያል፣ የመጠባበቂያው ወደ ላይ። ዋናው ላይ ቫልቭ አለ። በመጀመሪያ በእጀታ ሩብ ዙር የሚዘጋውን ዓይነት ነበር የገጠምኩት፤ ስህተት ነበር። በፀጉር ስፋት ካነቃነቃችሁት ወይ ይሞላል ወይ አየር ይስባል። አየር ሲስብ በየሁለት ደቂቃው ሽንት ቤት የተለቀቀ ይመስላል። እንግዳ ሲመጣ «ማን ገባ?» ብሎ የሚጠይቅ ነበር። እየተሽከረከረ ቀስ በቀስ የሚዘጋውን ጌት ቫልቭ ስቀይር ግን፣ ዙሩን በጥቂቱ፣ አምስት ደቂቃ ጥበቃ፣ ደግሞ በጥቂቱ... ከዚያ ጭጭ። በመጠባበቂያው ቱቦ ቀጭን ክር የምታህል ውሃ ብቻ ትወርዳለች። የሚገርመው፣ ዝም ሲል መሥራቱን የተጠራጠርኩት እኔው ነኝ።

መጠባበቂያውንም ፈትኑት። ዋናውን ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ዝጉና ቁጭ ብላችሁ እዩ። ሁለተኛው ቱቦ ብቻውን ፓምፑ የሚገፋውን ሁሉ ካላወረደ ላይኛው ገንዳ ይፈሳል። የኔው አወረደው። እየጮኸ፣ እየተንተከተከ፣ ግን አወረደው።

ስለ ፓምፑ ብዙ አልልም። ካርቶኑ ላይ በሰዓት 3000 ሊትር ይላል። ያ ግን ውሃ ወደ ላይ ሳይወጣ ነው፤ ከፍታውና ክርኑ ይቀንሱታል። የኔን 10 ሊትር ባልዲ ይዤ ሰዓት እያየሁ ለካሁት፤ በ20 ሴኮንድ ሞላ። በሰዓት 1800 ሊትር ነው፣ ገንዳውን ስድስት ጊዜ ያዞረዋል። ይበቃኛል።

የሳምፑን ግድግዳዎች ያጣበቅኩት ለአኳሪየም በተሠራ ሲሊኮን ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሻጋታ የሚገድል መድኃኒት ስላለበት ለዓሣ አይሆንም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው ሽታ እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። መጠበቅ ለማይሆንለት ሰው ሳምንት ረጅም ነው፤ በየቀኑ እየሄድኩ አሸትት ነበር።

ውሃው መጀመሪያ ወደ ስፖንጆቹ ይገባል፣ ሻካራው ቀድሞ፣ ደቃቁ ቀጥሎ። ከዚያ የሴራሚክ ቀለበቶቹ። እነሱ ላይ ነው ባክቴሪያው የሚኖረው፤ የዓሣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጠው። አዲስ ሴራሚክ ባዶ ነው። ባክቴሪያው እስኪበዛበት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የድሮ ማጣሪያዬን ሳልነቅል ስድስት ሳምንት ጎን ለጎን አሠራሁት፣ ቆሻሻ ስፖንጁንም ከአዲሶቹ መሃል ወተፍኩት። ስፖንጅ የማጥበው ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ነው። የቧንቧው ክሎሪን ባክቴሪያውን ይፈጃል።

ሳላስበው ያገኘኝ ሌላ ጉዳይ ትነት ነው። ሳምፕ ካለ የላይኛው ውሃ ሁልጊዜ እኩል ነው፣ የሚጎድለው የፓምፑ ክፍል ብቻ ነው። የኔ ገንዳ ክዳን ስለሌለው በቀን 3 ሊትር ገደማ ይተናል። የፓምፑ ክፍል 25 በ40 ሴንቲ ስለሆነ ያቺ 3 ሊትር 3 ሴንቲ ታወርደዋለች። አራት ቀን ከቤት ጠፍቼ ስመለስ ፓምፑ አየር እየማገ ያንኮራፋል። ሂተሩንም እዚያው ክፍል አስቀምጬ ቢሆን ኖሮ ከውሃ ወጥቶ ይሰነጠቅ ነበር። ደግነቱ ውሃው ከፍ ዝቅ የማይልበት መሃለኛው ክፍል ውስጥ ነበር። አሁን በየማለዳው በጆግ እጨምራለሁ። ተንሳፋፊ ያለው ራሱ የሚሞላ መሣሪያም አለ፣ ግን ተንሳፋፊው ተጣብቆ ሲቀር ምን እንደሚሆን እያሰብኩ አልገዛሁትም።

የኤሌክትሪኩን ሽቦ ደግሞ ከሶኬቱ በታች ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ወደ ላይ አውጡት። በሽቦው ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ከታች ይወድቃል።

በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ጠዋት ሶኬቱን እነቅላለሁ። ባለቤቴ «ደግሞ ጀመርክ» ትለኛለች። ቁጭ ብዬ ሳምፑ ሲሞላ አያለሁ፣ የመመለሻ ቱቦውን የአየር ቀዳዳ በጥርስ ብሩሽ እፈትጋለሁ፣ መልሼ እሰካለሁ።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት መብራት ሄደ። ሳላስበው ብድግ አልኩ።

«ሞላ እንዴ?» አለችኝ ከአልጋዋ።

በባትሪ አየሁት። አፉ ጋ ሊደርስ አራት ሴንቲ ቀርቶታል። ሴራሚኮቹ መሃል አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ጠጋ ብዬ አየሁ። አውራ ጣት የምታህል ፕሌኮ የሚሏት ዓሣ ናት። ገና ጫጩት ሳለች በሳጥኑ አፍ ሾልካ ወርዳ እዚያው አድጋለች ማለት ነው። መብራቱን ስታይ ቀለበት ሥር ገባች።

«አልሞላም» አልኳት። «ግን ተከራይ አለን።»