አብያታ ዳር ጎጆ ስቆጥር

የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ ሳስገባ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ኪትሊትዝ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ የት እንደምትጥልና ስንቱን እንደምታስፈለፍል አያለሁ፣ በቃ። አብያታ ሐይቅ ዳር ሳምንት ሙሉ ስዞር ግን አንድም ጎጆ አላገኘሁም።

የውሃ ዳር ወፍ ስለተባለች ጭቃውን ስከተል ነበር የምውለው። እሷ ጭቃው ላይ ትለቅማለች እንጂ የምትጥለው ወደ ኋላ ራቅ ብላ፣ ከብት ሣሩን ግጦ ባሳጠረው ደረቅ ሜዳ ላይ ነው። ጎጆ ለማለትም ይከብዳል፤ ተረከዝ የረገጠው የምታህል ጉድጓድ፣ ውስጧ የሣር ቅንጣቢና የኩበት ፍርፋሪ። ቁጥቋጦ ሥር አትጠጋም፤ የሚመጣባት ሁሉ ገና ከሩቅ እንዲታያት ትፈልጋለች።

ዓይኔን የገለጠልኝ አንድ እረኛ ልጅ ነው። ወፏ ክንፏ እንደተሰበረ ሁሉ እየተጎተተች ስትሸሽ እኔም ስከተላት አይቶ ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ አታለለችዎት፤ እንቁላሉ እዚህ ነው» ብሎ ወደ ኋላዬ ጠቆመ። ባይ አፈር ብቻ። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ገለጥ ሲያደርገው ሁለት ነጠብጣብ እንቁላሎች ወጡ። ለካ ተነሥታ ከመሄዷ በፊት በእግሯ አፈር ጭራ አልብሳቸው ኖሯል! ከዚያ ወዲህ መዞሩን ትቼ ራቅ ብዬ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ተመልሳ እስክትታቀፍ በአቅራቢ መነጽር እጠብቃታለሁ።

ሁለተኛው ጥፋቴ ይበልጥ ያሳፍራል። ጎጆዎቹ እንዳይጠፉብኝ አጠገባቸው ነጭ ድንጋይ አኖርኩ። አንድ ጠዋት ቁራ ድንጋዬ ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ጎጆው ባዶ ነበር። ድንጋዩን ለቅሜ ጂፒኤስ ያዝኩ፤ ጎጆ ጋ ደርሶ መመለሱንም ትቼ መንገደኛ መስዬ አልፌ መሄድ ለመድኩ።

የእንቁላሉን ዕድሜ የማውቀው በብርጭቆ ውሃ ነው፦ አዲሱ ከሥር ይጋደማል፣ የሰነበተው ይቆማል፣ ሊፈለፈል የደረሰው ይንሳፈፋል። ይህ ጠቃሚ ነው፤ ጫጩቶቹ ላባቸው እንደደረቀ ጎጆውን ጥለው ስለሚሄዱ ባዶ ጎጆ ብቻውን ምንም አይናገርም። በቀኑ ደርሼ ጎጆው ውስጥ ጥቃቅን የቅርፊት ስባሪ ካገኘሁ ተፈልፍሏል እላለሁ።

ስሌቱ ላይ ደግሞ የፈለፈሉትን ላገኘኋቸው ጎጆዎች በሙሉ አካፍዬ ደስ የሚል ፐርሰንት ይዤ ለአማካሪዬ አቀረብኩ። «አንተ ሳታገኛቸው የጠፉትስ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በተጣሉ በማግስቱ የተበሉትን መቼ አየኋቸውና! የወፍ ተመራማሪው ሃሮልድ ሜይፊልድ በ1961 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ለዚህ ነው፤ የሚቆጠረው ጎጆው በዓይን ሥር የቆየበት ቀን ነው፤ የጠፉት ጎጆዎች ለእነዚያ ቀናት ድምር ተካፍለው ጎጆ በአንድ ቀን ውስጥ የመትረፍ ዕድሉ ይታወቃል። በቀን 95 በመቶ የመትረፍ ዕድል ያለው ጎጆ የሚያሰጋ አይመስልም፤ ለ25 ቀን መታቀፍ ሲሰላ ግን ወደ 28 በመቶ ይወርዳል። ሠንጠረዤን ከሥሩ ጀምሬ ሠራሁት።

ከከብት ጋር ያላቸው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። ሣሩን አሳጥሮ ቦታውን የሚያመቻችላቸው ከብት ነው፤ የሚረግጣቸውም እሱው። መጨረሻ ላይ ያየሁት ጎጆ የሰኮና ዱካ ሆኖ፣ አስኳሉ አፈሩ ላይ ደርቆ ነበር። ልጁ ዱካውን አየት አድርጎ «የእኛ ናት» አለኝ፣ ላሚቱን ማለቱ ነው።