ጣርማ በር ላይ ቆሞ ስምጥ ሸለቆን አለማወቅ

ባለፈው ሰሞን የእኅቴን ልጅ ይዤ ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ስወርድ፣ መኪናው ከጣርማ በር ዋሻ እንደወጣ ገደሉና የደብረ ሲና ቁልቁለት ከፊታችን ተዘረጋ። ልጁ የ11ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነው። «ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ብዬ ብጠይቀው «ገደል ነዋ፣ ጋሼ» አለኝ። ማታ ደብተሩን ሳገላብጥ የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ እንዴት እንደተፈጠረ የሚያስረዳ፣ ከሰሌዳ በእንግሊዝኛ የተገለበጠ ሁለት ሙሉ ገጽ አገኘሁ። ያን ጽሑፍ የጻፈው እጅ የስምጥ ሸለቆውን ምዕራባዊ ግድግዳ በዓይኑ እያየ ምንነቱን አላወቀውም።

በልጁ አልፈርድም። ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁና እንዲህ ያለ ደብተር እንዴት እንደሚሞላ አውቃለሁ፤ እኔም ሞልቼአለሁ። ክፍሉ ከስልሳ በላይ ተማሪ ይይዛል፣ መጽሐፉ ለሁሉም አይዳረስም፣ ክፍለ ጊዜው አጭር ነው፤ ስለዚህ መምህሩ ኖት ያስጽፋል፣ ተማሪው ይገለብጣል፣ ደወል ይደወላል። ድሮም ኖት የሚያስጽፍ መምህር ሞልቶ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ሁሉ ጎበዞች ነበሩ የሚለውን ወሬ አልቀበልም። የአሁኑን የሚያከፋው ግን የሚያስጽፈው መምህር ራሱ በዚሁ መንገድ ተምሮ የመጣ መሆኑ ነው።

ወደ ሙያው የምንገባበትን በር ልብ ብለን እንየው። ለዓመታት የዩኒቨርሲቲ ምደባ 70 በመቶው ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ለማኅበራዊ ሳይንስ እንዲሆን ሲደረግ፣ ከቁጥሩ በላይ የጎዳን አብሮ የተላለፈው መልእክት ነበር፦ ጎበዝ ናቹራል ይገባል፣ የቀረው ሶሻል። ከቀሩት መካከል ደግሞ ሌላ ምርጫ ያጣው መምህርነትን ይይዛል። ትምህርት ቤት ሲደርስም በሠለጠነበት ብቻ አይሠራም፤ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ካልሞላ የጂኦግራፊው ምሩቅ ታሪክ፣ የታሪኩ ደግሞ ዜግነት ትምህርት ይሰጠዋል። ፊዚክስን የፊዚክስ ምሩቅ ላልሆነ መስጠት ሁሉንም ያስደነግጣል፤ ታሪክን ግን ማንም ማንበብ የሚችል ሰው የሚያስተምረው ይመስላቸዋል። ይህን አስተሳሰብ ከአንድ ርእሰ መምህር አፍ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ቋንቋው ሌላው ቁስል ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ቢባልም፣ መምህሩ ማብራሪያውን በአማርኛ ይሰጥና ኖቱን በእንግሊዝኛ ያስጽፋል። ተማሪው የገባው ነገር በአንድ ቋንቋ፣ የሚፈተንበት በሌላ ቋንቋ ሆኖ ሁለቱ ሳይገናኙ ዓመቱ ያልቃል። ፈተናውም ምርጫ ብቻ ነው። አንድ ልጅ ታሪክንና ኢኮኖሚክስን ተምሮ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ፣ አንድ አሳብ አንሥቶ በማስረጃ የሚደግፍበትን አንድ አንቀጽ ጽፎ፣ ያ አንቀጽ ታርሞ ሳይመለስለት ሊወጣ ይችላል። ማኅበራዊ ሳይንስ ያለ ጽሕፈት ምን እንደሚቀረው እኔ አይገባኝም።

ውጤቱንም አይተናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመላ አገሪቱ 29,909 ሲሆኑ፣ 22,936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 6,973ቱ ብቻ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ነበሩ፤ ለፈተና የተቀመጡት ግን በማኅበራዊው በኩል ይበልጡ ነበር። በቀላሉ ይታለፋል የተባለው መስክ ብዙ ልጅ የወደቀበት ሆነ።

የሚያሳዝነው፣ ሰሜን ሸዋ ለዚህ ትምህርት ከመጽሐፍ የማይገኝ ሀብት ያላት መሆኗ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ጣርማ በር ተነሥቶ ሸዋ ሮቢት ቆላ እስኪገባ ድረስ የአየር ጠባይ ለውጥን በአንድ ረፋድ በቆዳ ማወቅ ይቻላል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል መፈራረማቸውን የሚማር ልጅ፣ የንጉሡ መቀመጫ በነበረችው አንኮበር ላይ ቆሞ ከሥር የቀድሞዋን የገበያ ከተማ አልዩ አምባን ቢያይ፣ የባሕር ጠረፍ ሲራራ ነጋዴ እዚያ ድረስ ለምን ይመጣ እንደነበር ራሱ ይጠይቃል። የጋራ የሣር መሬት የሆነው የመንዝ ጓሳ ደግሞ የኢኮኖሚክስም የሥነ ዜጋም መማሪያ ነው። ከአቅኚ አባቶች የሚወለዱ ባለ ድርሻዎች ሣሩን መቼ ማጨድ፣ መቼ መከልከል እንዳለበት ለዘመናት በጋራ ሲወስኑ ኖረው፣ የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያን ሥርዓት ሲያፈርሰው ምን እንደተከተለ የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። አንድ መምህር ተማሪዎቹን «ሂዱና አያቶቻችሁን ጠይቁ» ለማለት በጀት አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ጥያቄው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ያን ደግሞ ማንም አላስተማረውም።

ስለዚህ ሥልጠና ሲባል በአዳራሽ ተቀምጦ ስለ ማስተማር ዘዴ ኖት መገልበጥ መሆኑ ቢቀር እወዳለሁ። የታሪክ መምህር ራሱ አንኮበር ሄዶ ያየውንና የሰማውን በራሱ ቃል ይጻፍ፣ ባልደረቦቹም ይተቹት። ሱፐርቫይዘርም ወደ ክፍል ሲመጣ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ከመጠየቁ በፊት፣ በመጀመሪያ በአማርኛም ቢሆን፣ ተማሪ የጻፈውና መምህር ያረመው አንድ አንቀጽ እንዲያሳዩት ይጠይቅ።

ለእኅቴ ልጅም ያን የጉዞ መንገድ በገዛ ቃሉ እንዲጽፈው ሰጥቼዋለሁ። የመጀመሪያው ረቂቅ አምስት መስመር ነበር፤ «ገደል» የምትለዋ ቃል ግን ተሰርዛ በላይዋ «ስምጥ ሸለቆው የሚጀምርበት ግድግዳ» ተብሎ ተጽፎባታል።